የጾም ባሩድ፣ የፍስክ ባሩድ

ሲዘጋጅ የሚኖር ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። አገር ቤት መሠረት አስቆፍሮ፣ ብሎኬት ሲያማርጥ ጉድጓዱ ውስጥ ዛፍ የበቀለበት ሰው ታውቃላችሁ። መኪናውን ሸራ አልብሶ "መንዳቱን ትንሽ ላጠናክር" እያለ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ታውቃላችሁ። "ለደህና እንግዳ" ያለችውን ብርጭቆ ከነካርቶኑ ከቤት ቤት ስታዞር የኖረች ሴትም አትጠፋም። እነዚህን ሰዎች ሰነፍ የሚላቸው ሰው አያውቃቸውም። ሰነፍ ቢሆኑማ እሰየው፤ ሰነፍ ሰው ቢያንስ ያርፋል። እነዚህ ግን አያርፉም፣ አጠገባቸው ያለውንም አያሳርፉም።

ጆሃንስበርግ ውስጥ የዚህ ወገን አለቃ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዘለቀ ሳያመነታ ይመልሳል፦ ሊቀ ባሩድ ወአረር ጋሽ ፍቅረማርያም። ማዕረጉን የሰጣቸው ራሱ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ በኋላ ለብሽቀት ሆነ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሌላ የሚላቸው ስላጣ ነው።

ጋሽ ፍቅረማርያም ፎርድስበርግ ውስጥ የመጋረጃና የብርድ ልብስ ሱቅ አላቸው። ጠመንጃውም የመጣው በመጋረጃ ነው። ከማጋሊስበርግ ተራሮች ጀርባ የዱር እንስሳት የሚያረባ ኦም ሄኒ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ አለ። ሚስቱ የእርሻ ቤቷን ሙሉ መጋረጃ አለበሰች፤ እሱም በመጋረጃው ፋንታ በገዛ እጁ የገጣጠመውን የባልጩት ጠመንጃ ይዞ ሱቅ ድረስ መጣ። ጋሽ ፍቅረማርያም ጠመንጃውን አይተው እንደ ሙሽራ አፈሩ ይባላል። ያን ዕለት ሱቁ በጊዜ ተዘጋ።

የባልጩት ጠመንጃ ጥይት አይጎርስም። ባሩዱ ተሰፍሮ በአፈሙዙ ይጨመራል። በላዩ ላይ ክብ አረር በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደግሞ የላመ ባሩድ ቆንጠር ተደርጎ ይነሰነሳል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይመታና ፍንጣሪው ሳህኗን ያቀጣጥላል፤ እሳቱም በቀጭን ቀዳዳ ሾልኮ ውስጥ ያለውን ባሩድ ይቀሰቅሳል። ሁሉም ከተሳካ ጠመንጃው ይተኩሳል። አንዱ ከጎደለ ሳህኗ ፍሽሽ ትልና አውሬው ገርሞት አይቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ኦም ሄኒ ከጠመንጃው ጋር አንድ ቃል ሰጥቷቸው ነበር፦ በአደን ወራት፣ ክረምት ላይ፣ መጥተህ አንድ ኢምፓላ ትተኩሳለህ። ኢምፓላ የእኛን ድኩላ የምታክል የሜዳ እንስሳ ናት። ይህ ቃል ከተሰጠ ስንት ክረምት እንዳለፈ ዘለቀ መቁጠሩን ትቷል። የዚያን ጊዜ ግልገል የነበሩት ኢምፓላዎች ወልደዋል፣ ከብደዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ጋሽ ፍቅረማርያም ግን አንድም ቀን ወደ አንዷ አፈሙዝ አላዞሩም። ለምን? ቅመራው ገና ነዋ!

"ባሩድ ጠባይ አለው" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። "ካነሰ አረሩ ጉልበት ያጣና ይወርዳል። ከበዛ ደግሞ ይቅበጠበጣል። ልኩን ማግኘት ነው።" ልኩን ለማግኘት ባሩዱን በትንሽ በትንሹ ይጨምራሉ፣ በትንሽ በትንሹ ይቀንሳሉ። ሻካራውን ይሞክራሉ፣ ደቃቁን ይሞክራሉ። አረሩን በፀጉር ስፋት ይተልቃሉ፣ በፀጉር ስፋት ያሳንሳሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ "አንድ ነገር ብቻ እንቀይር።" ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከተቀየረ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅምና እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ጨርቁ ላይ ሲደርሱ ደግሞ መከራው በዛ። ሌላ ሰው ቢሆን አረሩን የሚጠቀልልበት ጨርቅ ያልቅበታል። እኚህ ሰውዬ ግን የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቡጀዴ ተሞከረ፣ ፖፕሊን ተሞከረ፣ የመጋረጃ ገበር ተሞከረ፣ የትራስ ልብስ ተሞከረ። አንዲት የፎርድስበርግ ደንበኛ ጥጉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለበት አንሶላ ይዛ ተመልሳ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሸዋአየሁ ይቅርታ ሲጠይቁ ጋሽ ፍቅረማርያም ከጓዳ ብቅ ብለው "እሱ አንሶላ እንኳ ወፍራም ሆኖብኛል" አሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የዘለቀ ድርሻ መንዳትና መሄድ ነው። ዘለቀ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የሠፈር ሱቅ አለው፤ ባኪ የሚሏት ኋላዋ ክፍት የጭነት መኪናም አለው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ቅዳሜ ሱቁን ለሸሪኩ ለሽኩር ትቶ ጋሽ ፍቅረማርያምን ከፎርድስበርግ ይጭናል። እርሻው ላይ እሳቸው ተቀምጠው ይተኩሳሉ፤ እሱ እስከ ካርቶኑ ሄዶ ቀዳዳው ላይ ጣቱን ያሳርፍና ይመለሳል።

"የት ነው?"

"ከመሀሉ ሁለት ጣት ወደ ግራ።"

"ትንሽ ይቀረዋል።"

አንድ ቀን አረሩ የካርቶኑን እምብርት በሳው። ዘለቀ እየሮጠ መጣ። "ጋሽ ፍቅሬ፣ መሀሉን! ቁጭ!" እሳቸው ጢማቸውን አሹ። "አጋጣሚ ይሆናል። ይደገም።" ተደገመ፤ ያው እምብርት። እዚያው ሜዳ ላይ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረውም። እሳቸው ግን በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሁለቱም ባንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ" አሉ።

ማታ ቴምቢሳ ሲመለስ ሽኩር ከመስኮቱ ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ይጠብቀዋል። "እሺ አዳኙ፣ ዛሬስ ምን ገደላችሁ?"

"ካርቶን።"

ይኼ ሁሉ ግን ከጾሙ አይብስም። ጋሽ ፍቅረማርያም አንዲት ጾም የማትዘልላቸው ሰው ናቸው። አረሩ የሚጠቀለልበትን ጨርቅ የሚቀቡት ደግሞ በቅቤ ነው፤ ከአገር ቤት በሰው እጅ በመጣ ለጋ ቅቤ። ሲያጎርሱ ሁለት እጃቸው በባሩድና በዘንግ ስለሚያዝ ጨርቁን በጥርሳቸው ይነክሱታል። እና ጾም ሲገባ ቅቤ አፍ ውስጥ ሊገባ ነው? አይገባም። ስለዚህ በጾም ጨርቁ የሚቀባው በኑግ ዘይት ነው። በኑግ ዘይት ሲሆን ደግሞ አረሩ ጠባዩን ይቀይራል፤ በቅቤ መሀል ይመታ የነበረው ከአንድ ክንድ በላይ ይወጣል። እንግዲህ ለጾም አንድ ቅመራ፣ ለፍስክ ሌላ ቅመራ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑን አቆጣጠር ከኦም ሄኒ የአደን ወራት ጋር አጋጥሙት። ዐቢይ ጾምን ሙሉ በኑግ ዘይት ይደከማል። በዓለ ሃምሳ ላይ በቅቤ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ሊገኝ ሲል የሐዋርያት ጾም ይገባል። እሱ ሐምሌ አምስት ሲፈታ ወደ ቅቤው ይመለሳሉ፤ ግን የጆበርግ ሐምሌ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ቅቤው ይረጋል። የረጋ ቅቤ ሌላ ቅቤ ነው። እሱን ሲያስተካክሉ ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ገባ። ሥጋው ደግሞ በፍስክ ካልሆነ አይበላም። በዓመት ለአደኑ የምትተርፈው ያቺ የሐምሌ ቁራጭ ናት፤ እሷም ቅቤ በማቅለጥ ታልቃለች።

ዘለቀ አንዴ ብልህ የሆነ መስሎት "ታዲያ በፍስክም በኑግ ዘይት ብንተኩስስ? ዓመቱን ሙሉ አንድ ቅመራ ይሆናል" አላቸው።

ጋሽ ፍቅረማርያም ዘንጉን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩት። "በፍስክ እንጹም ነው የምትለው?"

ከዚያ በኋላ ሐሳብ መስጠት ተወ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ መሳቂያነቱ አበቃ። በዐቢይ ጾም መካከል፣ ጋሽ ፍቅረማርያም ቅዳሴ ሳሉ፣ እትዬ ሸዋአየሁ ዘለቀን ሱቅ አስጠሩት። በብርድ ልብስ ክምር መሀል ዝቅተኛ ወንበር ሰጥተውት ቆመው ነገሩት። የጋሽ ፍቅረማርያም የቀኝ ዓይን እይታ እየጠበበ ነው፤ ሐኪሙ ግላኮማ ብሎታል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ጠብታው ይይዘው እንደሆነ ይያዘው፣ ካልሆነ ዓመቱን አይዘልቅም።

"እሱ ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። ለእኔም የነገረኝ ሐኪሙ ነው" አሉ እትዬ ሸዋአየሁ። "ዘለቀ፣ አንድ ጊዜ ይተኩስ። ለሥጋው ብዬ አይደለም፣ ለሥጋማ ሥጋ ቤት ሞልቷል። ይኼን ሁሉ ዘመን የለፋበትን አንድ ነገር፣ ዓይኑ ሳይሄድ ጨርሶ ይየው።"

"ይተኩሳሉ፣ እትዬ። ዘንድሮ ይተኩሳሉ" አለ ዘለቀ። ሲናገረው ቀላል ነበር።

በግራ ዓይን ለምን አይሆንም እንዳትሉ፤ እሱንም አስቦታል። የግራው ከድሮም ደካማ ነው፤ ደግሞም የጠመንጃው ሳህን በቀኝ በኩል ናት። በግራ ትከሻ ቢደግፉት እሳቱ ፊታቸው ላይ ይነዳል። የቀራቸው ያው ዓይን ነው፣ የቀራቸው ያው ሐምሌ ነው።

እናም ዘለቀ ሊቀ ባሩድን ማጣደፍ ጀመረ። ወንዝ ገፍተህ ሽቅብ መልስ ቢባል ይቀለው ነበር። "ጋሽ ፍቅሬ፣ ኢምፓላ እኮ ካርቶን አይደለችም። ሁለት ጣት ወደ ግራ ብትመታም ትወድቃለች።"

"አትወድቅም፤ ትቆስላለች" አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም፤ ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። "ቆስላ ጫካ ትገባለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ እኔ ቤቴ ብርድ ልብስ ለብሼ ልተኛ? በፈጣሪ ፍጥረት ላይ 'ይሆናል' ብዬ አልተኩስም፣ ዘለቀ። እርግጠኛ ስሆን ነው።"

የሰውየው ነገር ደጉም ክፉውም ከአንድ ቦታ ነው የሚመነጨው። ዘለቀ እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረው።

ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ አረሩ ሜዳውን ሙሉ መዞር ጀመረ። ሁለት ጣት ወደ ግራ ቀረና ሁለት ክንድ ሆነ፣ አንዳንዴም ካርቶኑን ጨርሶ ሳተ። ጋሽ ፍቅረማርያም ባልጩቱን ቀየሩ። ጨርቁን ቀየሩ። ባሩዱን ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ቆርቆሮውን አገላብጠው አሸተቱ። "የዘንድሮ ባሩድ ጠባዩ ተበላሽቷል" አሉ። ዘለቀ ካርቶኑ አጠገብ ቆሞ ባዶውን ሲያይ ጥፋቱ የባሩዱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን ምን ሊጠቅመው? ሄዶ ይመለሳል፤ "የት ነው?" ሲሉት በተቻለው ሁሉ ወደ መሀሉ አስጠግቶ ይነግራቸዋል።

ሐምሌ ሠላሳ ደረሰ። ማግስቱ ፍልሰታ ነው። ዘለቀ ገና ሳይነጋ ፎርድስበርግ ደርሶ "ዛሬ ካርቶን አልያዝኩም" አላቸው። እትዬ ሸዋአየሁ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ተስሎ የኖረውን ቢላዋ በፎጣ ጠቅልለው ለዘለቀ ሰጡት። ጋሽ ፍቅረማርያም ባኪው ውስጥ ጠመንጃውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ኮዝሞ ሲቲ የሚባለውን ሠፈር እስኪያልፉ ድረስ የቅቤውን ብልቃጥ በብብታቸው አሞቁ።

ኦም ሄኒ በር ላይ ጠበቃቸው። "ዛሬ ይተኩሳል?" አለው ዘለቀን በእንግሊዝኛ።

"ዛሬ ይተኩሳል።"

"ጃ-ኔ" አለ ኦም ሄኒ። እነሱ በሚናገሩት አፍሪካንስ "አዎ"ም "አይ"ም በአንድ ላይ ነው፤ ገበሬው ሰውየውን ያውቃቸዋል።

ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጋሽ ፍቅረማርያም ከባኪው ኋላ ቆመው ጠመንጃውን አጎረሱ። አንደበታቸው አላረፈም፦ ባሩዱ እንዲህ ነው፣ ጨርቁ የአቡጀዴው ነው፣ ቅቤው ሞቋል። ዘለቀ መስማቱን ትቶ በቁጥቋጦው መሀል ኢምፓላዎቹን ይፈልግ ነበር። አንድ ባለቀንድ ወንድ ከመንጋው ተለይቶ ሲወጣ አየና እጃቸውን ያዘ። "ጋሽ ፍቅሬ፣ ቀስ ብለው ይከተሉኝ።"

ቀስ ብለው ተከተሉት። ድንጋይ ጥግ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ኢምፓላው ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያህል ነው የሚርቀው። የጠዋቷ ፀሐይ አርፋበት ወርቅ መስሏል። ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረው ቦታ፣ ርቀትና ጊዜ ይኼው መጣ። ዘለቀ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

"ያዩታል?"

"ዝም በል" አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም። አነጣጠሩ። ቆዩ። ከንፈራቸው በስመ አብ አለ። ዘለቀ በሆዱ ለመነ፦ ትንሽ ይቀረዋል እንዳይሉ፣ አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ።

አላሉም። ምላጩን ሳቡ። ባልጩቱ ብረቱን መታ፣ ፍንጣሪ ሆነ፣ ሳህኗ ፍሽሽ ብላ ነጭ ጭስ ተፋች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ኢምፓላው ቀና ብሎ አያቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ዘለለና ቁጥቋጦው ዋጠው።

ጋሽ ፍቅረማርያም አፈሙዙን ከሰው አርቀው፣ እንደ ደንቡ፣ ዘግይቶ ይተኩስ እንደሆነ ብለው ጠበቁ። አልተኮሰም። "የአረር መንቀያውን አምጣልኝ" አሉ በተሰበረ ድምፅ።

ዘለቀ ወደ ባኪው ተመለሰ። መንቀያውን አንስቶ ዞር ሲል፣ ቅድም እሳቸው የቆሙበት ቦታ ላይ ዓይኑ አረፈ። ነጩ ውርጭ ላይ ጥቁር ነገር ተበትኗል፤ ልክ አንድ ሙሉ ስፍር ባሩድ። አፈሙዙን አላዩትም ነበር። ባሩዱን ከጎኑ አፍስሰው፣ አረሩን ባሩድ በሌለበት አፈሙዝ ውስጥ ጠቅጥቀውታል። ዘንጉ ላይ እትዬ ሸዋአየሁ በቀይ የጥፍር ቀለም ያደረጉት ምልክት ነበረ፤ ባሩድ ካለ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ይቆማል። ዛሬ ጠልቆ ገብቶ መሆን አለበት፤ እሳቸው አላዩትም፣ እሱም ኢምፓላ ሲያይ ነበር።

ዘለቀ እዚያው ቆሞ ቀረ። ለእትዬ ሸዋአየሁ የሰጠው ቃል ውርጩ ላይ ፈስሷል። የሚቀጥለው የሐምሌ ቁራጭ የሚመጣው ለዓመት ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ለዓመት አይጠብቅም። ተናደደ፤ በማን ላይ እንደሆነ አላወቀም። ከዚያ ጥቁሩን ባሩድ በጫማው ከሣሩና ከአፈሩ ጋር ደባለቀውና ሄደ።

አረሩን ራሱ ነቀለው። ጋሽ ፍቅረማርያም ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረዋል። ትንሽ ሰው መስለዋል።

"ምን አገኘህ?"

"ረጥቧል" አለ ዘለቀ። "ባሩዱ ረጥቧል፣ ጋሽ ፍቅሬ።"

ጆሃንስበርግ በሐምሌ የዝናብ ጠብታ አታውቅም፤ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። በዚህ ወር በደህና ቆርቆሮ የተቀመጠ ባሩድ አይረጥብም። ይኼንንም ለዘለቀ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ባኪው ውስጥ፣ ደጋግመው፣ ጆሮው እስኪደማ።

"ረጥቧል?" አሉ።

"በጣም።" ከዚያም ያ ሲያንገሸግሸው የኖረ ቃል ከገዛ አፉ ወጣ። "ትንሽ ነው የቀረን፣ ጋሼ። ቅመራው መልካም ነበር። ትንሽ ይቀረዋል።"

ጋሽ ፍቅረማርያም ባሩድ የሸተተውን እጃቸውን አንስተው ጠረጉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን የታች ጠርዝ፣ ጫማቸው ላይ የወረደበትን እጥፋት፣ በጣታቸው ዳበሱ፤ ደረቅ ጥቁር ብናኝ ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዘለቀ ወደ ተራራው አየ።

"ነገ ጾም ይገባል" አሉ በመጨረሻ። "ወደ ኑግ ዘይት እንመለሳለን።"

"እንመለሳለን።"

"ከሀ ነው የምንጀምረው።"

"ከሀ እንጀምራለን።"

እጃቸውን ዘረጉለትና ደግፎ አስነሳቸው። ወደ ባኪው ሲሄዱ ክንዱን አልለቀቁም፤ ጠመንጃውን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ አሸከሙት። ያ ባሩድ የፈሰሰበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። የተረገጠውን ሣር አላዩትም፣ ወይም አላየሁም አሉ።

"አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፣ ዘለቀ" አሉ። "ከእንግዲህ ባሩዱን አንተ ጨምርልኝ።"